የዛሬ ችግኝ፣ የአምስት ዓመት ገበያ



ስለ ዓለም የኃይል ፍላጎት ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው የዓረብ አገር ነዳጅን ነው። የአዊ አርሶ አደር ግን በዚሁ ገበያ ውስጥ ከገባ ቆይቷል። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው በክረምት ከጤፍ ጋር ዲከረንስ የሚተክል ገበሬ ዛፉን ቆርጦ ከሰል የሚያከስለው ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ስለሆነም ችግኙን ሲተክል፣ የአዲስ አበባ ሰው ያኔ በምን ያበስላል የሚለውን እየገመተ ነው።

ግምቱ ለብዙ ዓመት አላሳፈረውም። በ1987 ዓ.ም. ቆጠራ የኢትዮጵያ ሕዝብ 53 ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነበር፤ በ1999 ዓ.ም. ወደ 74 ሚሊዮን ደረሰ፤ ዛሬ ከ120 ሚሊዮን በላይ እንደሆነ ይገመታል። ይሁን እንጂ ማገዶ የሚቆጠረው በሰው ብዛት ብቻ ሳይሆን በምድጃም ነው። ስምንት ሰው በአንድ ቤት ሲኖር አንድ ምድጃ ይበቃዋል። ልጆቹ ከተማ ገብተው ቤት ሲከራዩ ምድጃው ሦስትና አራት ይሆናል። በኪራይ ክፍል ውስጥ እንጨት ማጨስ አይቻልምና፣ ትንሽ ገንዘብ ያገኘ ሰው ወደ ከሰል ያልፋል። ከሰል የሚያስገዛው ድህነት ብቻ ነው የሚባለው ስለዚህ ልክ አይደለም፤ የኑሮ መሻሻልም ያስገዛል። በ2001 ዓ.ም. የነዳጅ ድጎማ ተነስቶ የነጭ ጋዝ ዋጋ ሲንር ደግሞ በጋዝ ያበስል የነበረው ከተሜ ወደ ከሰል ዞረ።

ይህ ሁሉ ፍላጎት ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተሻግሮ የአዊን መሬት ለወጠ። አሲዳማ ሆኖ ገብስ አልሰጥ ያለው ማሳ ዲከረንስ ለበሰ፤ ዛፉ ከአየር ናይትሮጅን ስለሚሰበስብ፣ ከተቆረጠ በኋላ ጤፍ ተመልሶ ይዘራበታል። የማገዶ ፍላጎት ደን ይጨርሳል ሲባል በኖረበት አገር፣ እዚህ የደን ሽፋን ጨመረ።

ችግሩ ሁሉም አንድ ዓይነት ዛፍ መትከሉ ነበር። በ2010ሮቹ ዓመታት ዋግ ገባ። የስንዴ ዋግን የሚያውቅ ገበሬ በዲከረንሱ ቅጠልና ቅርንጫፍ ላይ ቡናማውን ዱቄት ሲያይ ነገሩ ወዲያው ገብቶታል። የዚህ ዛፍ ዘመድ በሆነ ግራር ላይ ይኸው በሽታ እ.ኤ.አ. በ2013 በደቡብ አፍሪካ ተመዝግቦ ነበር። ለከሰል ሳይደርስ የደረቀ ማሳ ማለት አምስት ዓመት ተጠብቆ ያልመጣ ገንዘብ ነው፤ በዚያ ተስፋ ብድር የወሰደም አለ።

«መብራቱስ ከሰልን አያስቀርም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሆኖም ኤሌክትሪክ ቤት ሲገባ መጀመሪያ አምፖል ያበራል፤ ቀጥሎ አቅም ያለው ምጣድ ይገዛል፤ ወጡና ቡናው የሚዞሩት በመጨረሻ ነው። መብራት በጠፋ ቁጥርም ከሰሉ ይፈለጋል። ስለዚህ ዛሬ የሚተከል ችግኝ ለአንድ ቆረጣ ገዢ አያጣም። ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ገበያ ነው ብሎ መሬቱን በሙሉ ማልበስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጥቂት ጥማዱ ለድንችና ለመኖ ይቅር።

እስከዚያው ኪሳራው ያለው አከሳሰሉ ላይ ነው። በአፈር በሚዳፈነው የተለመደ ክምር ከ10 ኪሎ እንጨት የሚገኘው ከሰል ከ1 እስከ 2 ኪሎ ቢሆን ነው፤ የቀረው ጭስ ሆኖ ይሄዳል። ሁለተኛው ኪሳራ ሽያጩ ላይ ነው። ብዙ አባል ዛፉን በቁሙ ለነጋዴ ይሸጣል፤ ስንት ጆንያ እንደሚወጣው ነጋዴው ያውቃል፣ ባለቤቱ አያውቅም። ከመስማማት በፊት ከማሳው ጥግ ትንሽ ቦታ ለክቶ፣ ዛፉን ቆርጦ አክስሎ፣ ጆንያውን መቁጠር ይቻላል። ይህን ቆጠራ ማኅበራቱ በየቀበሌያቸው ከመጪው ቆረጣ በፊት ሊጀምሩት ይችላሉ።