ከመፈክር ወደ ሥራ
(በጠቅላላ ስብሰባችን ላይ የተደረገ ንግግር)



«መሃይምነት ይጥፋ» ማለት ቀላል ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ግን ቃሉ ብቻውን ማንንም ፊደል አላስቆጠረም። ማን ያስተምር፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ጠመኔውንስ ማን ያምጣ ተብሎ ሲደለደል ነው የአዛውንቱ እጅ እርሳስ የጨበጠው። ትምህርቱም ኋላ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ።

የኛም ዕድር እንዲሁ ነው። ድንኳኑ፣ ብረት ድስቱ፣ የወር መዋጮውና የስም መጥሪያው መዝገብ ባይኖር ኖሮ «መረዳዳት» የሚለው ቃል ለቅሶ ቤት ባልደረሰ ነበር። ለሞተው ይህን ሁሉ አሟልተናል። ታሞ አልጋ ለያዘውስ? አምና አንዲት እናታችን ታመው ሲተኙ «እግዜር ይማርዎት» እያልን በደጃፋቸው አለፍን፤ ባረፉ ዕለት ግን ድንኳኑን በሰዓቱ ተከልን። ይህ ያሳፍረናል።

ስለዚህ አዲስ መፈክር አናወጣም። የምንጠይቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ በየመንደሩ ሁለት ሁለት ጠያቂ ይመደብ፤ ተራው በመዝገብ ይጻፍ፤ ተራውን ያጎደለም እንደ ቀብር ቀሪ ይቀጣ። ከካዝናችን የሚወጣ ነገር የለም፤ የሚወጣው ጊዜያችን ነው።

እስከ ቀብሩ ድረስ አንጠብቅ።