የበረንዳው ሬት

እሱ፦ እህቴ፣ ከይጁቤ አንዲት እናት ጠይቀውናል። በጣሳ የተከሉት ሬት ግርጌው ቡናማ ሆኖ ልፍስፍስ ብሏል፤ ይሸታልም። ውኃ ጠምቶት መስሏቸው ጨመሩለት።

እሷ፦ ያሳዝናል፤ የጎዳው ያው ውኃው ነው። ሬት ውኃውን በቅጠሉ ያጠራቅማል። ጣሳው ከሥሩ ካልተበሳ በክረምት ዝናብ ሥሩ አየር ያጣል፤ ፈንገስ ገብቶ ያበሰብሰዋል። ነቅለው አፈሩን ያራግፉ። የበሰበሰውን በንጹሕ ቢላ፣ ጤነኛው ክፍል እስኪታይ ድረስ ይቁረጡ። ከዚያ ቁስሉ እስኪደርቅ፣ አንድ ሳምንት ያህል፣ ጥላ ላይ ይተዉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል! አሸዋ በበዛበት አፈር ይትከሉት፤ ለጥቂት ቀናት ውኃ አይስጡት።

እሱ፦ በቅጠሉ መጋጠሚያ ላይ ጥጥ የመሰለ ነገር ቢያዩስ?

እሷ፦ ተባይ ነው። ጣሳውን ከሌሎቹ ይለዩ፤ በ70 በመቶ አልኮል በተነከረ ጥጥ ይጥረጉት። በየሳምንቱ ይድገሙ፣ እንቁላሉ በአንድ ጊዜ አያልቅም።

እሱ፦ የትግራይን በለስ የፈጀውም ነጭ ጥጥ ለባሽ ነው።

እሷ፦ አዎ ወንድሜ፣ ኮችኒል። ለቀይ ቀለም ተብሎ ገብቶ ከቁጥጥር ወጣ፤ ስንቱን ገበሬ አስለቀሰ። ሲጨፈለቅ ደም ይመስላል። ግን የበለስ እንጂ የሬት ጠላት አይደለም፤ እናታችን በእሱ አይስጉ።