በቻይና ነገሥታት ገንቦ ላይ ያለው ሥዕልና ምስጢሩ



ሞጣ ከተማ ከአንድ ቤት ገብታችሁ ቡና ቢቀርብላችሁ፥ የምትጠጡበት ዕቃ ስሙ ሲኒ ነው። ይህ ስም ከሩቅ የመጣ ነው። ዐረቦች ቻይናን ሲን፥ ከቻይና የሚመጣውንም ነጭ ሸክላ ሲኒ ይሉታል፤ ትርጓሜውም «ቻይናዊ» ማለት ነው። ቃሉ ከዕቃው ጋር ባሕር ተሻግሮ መጣና በየጓዳችን ቀረ። እንግዲህ የሞጣ እመቤት «ሲኒውን አምጪው» ባለች ቍጥር፥ ሳታስበው የቻይናን ስም ትጠራለች ማለት ነው።

ዛሬ ልናገር ያሰብሁት ግን ስለ ትንሹ ሲኒ ሳይሆን ስለ ታላላቅ ወንድሞቹ፥ ለቻይና ነገሥታት ቤተ መንግሥት ስለ ተሠሩት ባለ ሥዕል ገንቦዎች ነው። የሚሠሩት ጂያንግሺ በሚባለው ክፍለ ሀገር፥ በጂንግዴዠን ከተማ ነበር። ነጩ አፈር ከድንጋይ ዱቄት ጋር ተቦክቶ በ1300 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይተኰሳል። የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል የሞጣ ጊዮርጊስን ባቋቋሙበት በ18ኛው መቶ ዓመት፥ ይህ ጥበብ በቻይና ከከፍተኛው ደረጃ ደርሶ ነበር። (ዓመቶቹን የምናገረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) ምድጃዎቹን ይቈጣጠር ዘንድ በ1728 የተላከው ሹም ታንግ ዪንግ፥ ሥራውን ሲጀምር ስለ ሸክላ አንዳች አያውቅም ነበር። ስለዚህ እንግዳ መቀበሉን ትቶ፥ ሦስት ዓመት ከሠራተኞቹ ጋር እየበላና እያደረ ተማረ። በማያውቀው ሥራ ላይ የተሾመ ሰው ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ እንዴት መልካም በሆነ ነበር!

ከእነዚህ ገንቦዎች አንዱ ቢቀርብላችሁ፥ በነጩ ገላ ላይ ኮክ ያፈራ ቅርንጫፍ፥ በቅርንጫፉም ዙሪያ የሚበሩ ቀይ የሌሊት ወፎች ታያላችሁ። በእኛ ተረት የሌሊት ወፍ ወገኗን እንደ ጊዜው የምትለዋውጥ አታላይ ናት። ይህችን ፍጥረት በንጉሥ ዕቃ ላይ የሣላት ማን ነው? ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል።

መልሱ በጆሮ እንጂ በዓይን አይገኝም። በቻይንኛ የሌሊት ወፍ ፉ ትባላለች፤ በረከትም ፉ ይባላል። ፊደላቸው ልዩ ልዩ ሲሆን ድምፃቸው አንድ ነው። ወፏ ሰሙ ናት፤ ወርቁ በረከት ነው። ቀይ ቀለም የተቀባችውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ቀይ» የሚለው ቃል «እጅግ ታላቅ» ከሚለው ጋር በድምፅ ይገጥማል። ቍልቍል ተዘቅዝቃ ከተሣለችም፥ መዘቅዘቅና መድረስ በድምፅ ስለሚመሳሰሉ «በረከት ደረሰ» ተብሎ ይነበባል። ወፎቹ አምስት ከሆኑ አምስቱን በረከቶች ያመለክታሉ፤ እነርሱም ረጅም ዕድሜ፥ ሀብት፥ ጤና፥ ምግባርን መውደድ፥ ዕድሜን ጨርሶ በሰላም መሞት ናቸው። የመጨረሻውን ከበረከት መቍጠራቸው እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደንቀኛል።

ከቢቸና በማይርቀው በዲማ ጊዮርጊስ ወይም ከሌላ የጎጃም ጉባኤ ቅኔ የተማረ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። አንዱን ቃል በሁለት መንገድ የሚያስኬደው ኅብር ለእርሱ የዕለት እንጀራው ነው። በግእዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፥ ሰረቀ ማለት ሰረቀ መሆኑን ያውቃል፤ ጆሮ አንድ የሚያደርጋቸውን ፊደል ይለያቸዋል። የቻይናው ሠዓሊ ልዩነቱ ኅብሩን በቃል ፈንታ በቀለም ማኖሩ ነው። ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ ትርፍ ፊደሎች ይቀነሱ የሚሉ ወገኖች በአገራችን እንዳሉ ይታወቃል፤ ከመወሰናቸው በፊት ይህን ገንቦ ቢያዩት እወዳለሁ።

ሥዕሉ ሁሉ ግን ኅብር አይደለም። ኮክ የረጅም ዕድሜ ምልክት የሆነው፥ የሚበላውን የማይሞት ስለሚያደርግ የኮክ ፍሬ ከሚነገረው ጥንታዊ ተረት የተነሣ ነው። ዓሣ ግን እንደገና ወደ ቅኔው ይመልሰናል፤ ዩ ማለት ዓሣም ትርፍም ነው።

የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ አጋዘኑን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። አጋዘን ሉ ይባላል፤ የሹም ደመወዝም ሉ ነው። በቺየንሎንግ ዘመነ መንግሥት መቶ አጋዘን በተራራና በዱር ተሰማርተው የሚታዩባቸው ታላላቅ ገንቦዎች ተሠርተዋል። መቶ ደመወዝ በአንድ ገንቦ ላይ ሲሰማራ ማየት ለወር መጨረሻ መልካም መጽናኛ ነው። ገንቦው ራሱም ያለ ትርጓሜ አልቀረም። ፒንግ ማለት ገንቦ ነው፤ ፒንግ ማለት ሰላምም ነው። የአራቱ ወቅቶች አበቦች በአንድ ገንቦ ተሰክተው ከተሣሉ «በአራቱም ወቅት ሰላም ይሁን» የሚል ምኞት ነው።

ቋንቋውን ለማያውቅ ሰው ይህ ሁሉ ወርቅ ከዓይኑ ሥር ተሰውሮ ይኖራል። በንጉሥ ዮንግዠንግ ዘመን የተሠራ፥ ስምንት ኮክና ሁለት የሌሊት ወፍ የተሣለበት አንድ ገንቦ በአሜሪካ አገር ከአንድ ቤተሰብ ዘንድ የመብራት ማቆሚያ ሆኖ ኖረ። ዕድሜና በረከት የሚመኝለት ዕቃ በፊቱ ቆሞ ሳለ፥ የቤቱ ሰው ብርሃን የሚያገኘው ከአምፑሉ ብቻ ነበር። ገንቦው በ2002 በሆንግ ኮንግ በጨረታ ሲወጣ በ41.5 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ተሸጠ፤ በ2004 ለሻንግሃይ ሙዚየም ተሰጠ።

ከእናንተ መካከል በቤቱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ የቻይና ገንቦ ያለው ቢኖር ገልብጦ ግርጌውን ማየቱ አይቀርም። በስድስት ፊደል «በታላቁ ቺንግ፥ በዮንግዠንግ ዘመን ተሠራ» የሚል ጽሑፍ ቢያገኝም ለመደሰት አይቸኵል፤ የኋለኞቹ ሠሪዎች የቀደሙትን ነገሥታት ስም መገልበጥ ልማዳቸው ነበርና ጽሑፉ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሥዕሉ ግን ቅጂም ቢሆን የሚናገረው ያንኑ ነው። ከተራ ሱቅ በጥቂት ብር በተገዛ ገንቦ ላይ የተዘቀዘቀች የሌሊት ወፍ ብትገኝ፥ ለንጉሡ ያለችውን ለገዢውም ትላለች።