የጆሮ ፍርድና የቀመር ትንቢት

እርሱ፦ ከግራ የመጣ ድምፅ ወደ ቀኙ ጆሮ የሚደርሰው ከሰከንድ አንድ ሺሕኛ ባነሰ ጊዜ ዘግይቶ ሲሆን፣ ልቡና ግን በዚህች ኢምንት ልዩነት እየተመራ የድምፁን ሥፍራ ለይቶ ያውቃል፤ ይህንም እንግሊዛዊው ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ1907 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር አስረድቷል።

እርስዋ፦ መልካም ብለዋል፤ ዳሩ ግን ጌታዬ፣ ሥፍራውን ማወቅ ሌላ፣ ማማሩን መፍረድ ሌላ ነው።

እርሱ፦ ስለዚህም የእንግሊዝ አገሩ ሱሬይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሆን ተብሎ የተበላሸውን ድምፅ ከዋናው ጋራ እያስተያዩ ነጥብ የሚሰጡ አድማጮችን ሰብስበው፣ ከዚያም በመሣሪያ ከሚለካው የድምፅ ጠባይ ተነሥተው የሰውን ፍርድ አስቀድሞ የሚተነብይ ቀመር ለማበጀት ብዙ ደከሙ። በዚያው አቆጣጠር በ2005 በታተመው ጥናታቸው በሠለጠኑት አድማጮች ዘንድ የፍርዱን 70 በመቶ ያህል የቃናው ጥራት፣ 30 በመቶ ያህሉን የድምፁ አቀማመጥ ይዞ ተገኘ።

እርስዋ፦ እንግዲያው አቀማመጥ ታናሽ ወንድም ሆነ! እኔ ግን ይህን ክፍፍል እንደ ቀኖና አልቀበለውም፤ ያልሠለጠነው አድማጭ ዙሪያውን የሚከብበውን ድምፅ ሲወድ፣ የሠለጠነው ከፊቱ ያለው የድምፅ ሥዕል እንዳይዛባ አጥብቆ ይሻልና፣ ቀመሩ የማንን ጆሮ እንደሚወክል አስቀድሞ ሊነገረን ይገባል።

እርሱ፦ አብዛኛውን ጊዜ የሠለጠኑትን፣ እመቤቴ፤ ፍርዳቸው ከቀን ወደ ቀን እምብዛም አይዋዥቅምና።

እርስዋ፦ ራዲዮኑን የሚገዛው ግን ያልሠለጠነው ነው።