ገመዱን የሚጎትት ሠራተኛ ወዴት አለ?

(አምቦ ላይ ለመንግሥት ሠራተኞች ካደረግሁት ንግግር)



ከጌዶ ለአቤቱታ አምቦ ድረስ የመጣ ገበሬ በየቢሮው የምትጠብቀው መልስ አንዲት ናት፤ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው!» ታዲያ ሰውዬው ሲመለስ የሚረግመው ሠራተኛውን ነው። ሰነፍ ነው ይለዋል። እኔ ግን አይደለም ባይ ነኝ። እንዴት ቢሉ፣ የራሴን ልንገራችሁ።

በ1987 ዓ.ም. እሠራበት በነበረው መሥሪያ ቤት ግምገማ ተጠራ። «ሳትፈሩ ተናገሩ» ተባልን። እኔ የዋሁ ተነሥቼ፣ የመሥሪያ ቤቱ መኪና የአለቃውን እህል ሲያመላልስ ሥራ ቆመ አልኩ። በሳምንቱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወርኩ! በቀጣዩ ግምገማ አፌን ዘጋሁ፤ የሥራ አፈጻጸሜ «በጣም ጥሩ» ሆኖ መጣ። ከዚያ ወዲያ ባለጉዳይ ሲንገላታ አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩ። ዝም አይነቅዝም!

ኋላ ስንት ነገር መጣ! ቢፒአር መጣ፣ ውጤት ተኮር መጣ፣ በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። በካይዘን አገር በጃፓን፣ በቶዮታ ፋብሪካ ተራው ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመድ ይጎትታል፤ አለቃው ሮጦ ይደርሳል፤ ካልተስተካከለ ሥራው ይቆማል። እኛ ዕቃ መደርደሩን ተማርን፤ ገመዱን ግን እዚያው ተውነው። እዚህ ገመድ የጎተተ አንገቱ ላይ ይጠመጠምበታላ!

ስለዚህ ጥያቄዬ ለአለቆች ነው፦ እውነት የነገራችሁን ሰው ማዛወር መቼ ነው የምትተዉት? ያን ቀን የጌዶው ገበሬም ጉዳዩ ያልቅለታል። ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ነውና ልብ ያለው ልብ ይበል!