ስለ እንሰት



 እውነቱን ለመናገር፥ ቆጮ ቋጥረን ወደ ትምህርት ቤት ስንመጣ የምንደብቅ ነበርን፤ ዳቦ የያዘው ግን አይደብቅም ነበር።

ዛሬ ዝናሙ ጊዜውን እያዛባ ነው። በልጉ ቀርቶ በቆሎው ሲደርቅ፥ በጓሮ ያለው እንሰት ውሃ በግንዱ ስለሚያከማች ቆሞ ይታያል። ለመድረስ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይፈጃል፤ ከደረሰ በኋላ ግን ወር ሳይጠብቅ፥ በተፈለገ ጊዜ ይቆረጣል። ቆጮውም በጉድጓድ፥ በገዛ ቅጠሉ ተሸፍኖ ለወራት፥ አንዳንዴም ለዓመታት ይቀመጣል። በእኛ በጉራጌ፥ በሲዳማና በሌላውም አገር ወደ 20 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ በእርሱ ይኖራል። መሬቱን የሚያለማው የከብቶቻችን ፍግ ነው።

ነገር ግን ጠላት አለው። በአውሮጳ አቆጣጠር በ1968 በሊቃውንት ተመርምሮ የታወቀው የአጠውልግ በሽታ እስከ ዛሬ መድኃኒት አልተገኘለትም። ከጓሮ ወደ ጓሮ የሚያዛምተውም አብዛኛውን ጊዜ የእኛው ቢላዋ ነው፤ ለጎረቤት ስናውሰው በሽታውንም አብረን እናውሳለን።

ስለዚህ እናቶቻችንና አባቶቻችን ሆይ፥ የታመመውን ተክል ነቅላችሁ ቅበሩልን፤ ቢላዋውንም በእሳት ለብልቡት። ብትረሱት እኛው ማታ ማታ እንለበልበዋለን፤ እጀታው ቢቃጠል ግን እንዳትቈጡን።