ገንዘቡ ሲጠፋ ለማን ይነገራል?

(በሐዋሳ መሃል ከተማ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሲደውሉልኝ «ስለ ሳይበር ደኅንነት ትንሽ ንገሪን» ነበር ያሉኝ። እሺ አልኩ። ሁለተኛ ዲግሪዬ ግን ሳይበር ደኅንነትን ከሕዝብ ፖሊሲ ጋር ያጣመረ ስለሆነ፣ የትኛው አንቲቫይረስ ይሻላል ብሎ የመጣ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«ኮምፒዩተር ተምረሽ ፖሊሲ ምን ያደርግልሻል?» የሚለውን ዛሬ ምሳ ላይ እንኳ ሦስት ሰው ጠይቆኛል። ሁላችንም በምናስታውሰው ጉዳይ ልመልስ።

መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ፣ 2016 ዓ.ም.። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች ሒሳባቸው ውስጥ ከነበረው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ወዲያው ተዛመተ፤ ተማሪዎች ኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ ችግሩ የመጣው ከሥርዓት ማሻሻያ ሥራ ጋር ተያይዞ ነው። አላግባብ ወጣ የተባለው ገንዘብ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነበር። ልብ በሉ፦ ማንም ሰርጎ አልገባም፣ የማንም የይለፍ ቃል አልተሰበረም።

ያን ሰሞን ክፍል ውስጥ ክርክሩ ጦፈ። ከቴክኖሎጂ የመጣነው ማሻሻያው እንዴት ሳይፈተሽ ሥራ ላይ ዋለ እያልን እንጮሃለን። ሌሎቹ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁን፣ ቁጥር 958/2008ን ያገላብጣሉ። በነገራችን ላይ እኛ «አክሰስ» የምንለውን ይህ አዋጅ «ደራሽነት» ይለዋል፤ ያለ ፈቃድ መግባት «ሕገወጥ ደራሽነት» ነው። መጀመሪያ ሳነበው ደራሽ ጎርፍ ነው የመጣብኝ። አሁን ግን ቃሉን ወድጄዋለሁ። ታዲያ አንድ ተማሪ በገዛ ካርዱ፣ በገዛ ሚስጥር ቁጥሩ፣ ማሽኑ ራሱ ቆጥሮ ሲሰጠው ቢቀበል ሕገወጥ ደራሽ ሊባል ነው? ሕግ ተምሮ የመጣ የክፍል ጓደኛችን ዝም ብሎን ቆየና የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አወጣ። ቁጥር 2162፣ አላግባብ መበልጸግ። ቁጥር 2164፣ የማይገባውን ክፍያ የተቀበለ ሰው ይመልሳል። አለቀ። ኤቲኤም አገራችን ከመግባቱ ብዙ አሥርት ዓመታት በፊት የተጻፈ ሕግ ነው። እኛ ኢንጂነሮቹ ተያየን።

ጉዳዩ ግን እዚያ አላበቃም። ገንዘቡን ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ በባንኩ ቅርንጫፎች በር ላይ ተለጠፈ። በዚያው ሰሞን ከ801 ሚሊዮኑ ሦስት አራተኛ ያህሉ መመለሱ ተነገረ። ሌላ ክርክር ተጀመረ። ለሒሳብ መክፈቻ የሰጠሁት ፎቶ ለማሳፈሪያ ሊውል ይችላል ወይ? ማን ይፈቅዳል? ገንዘቡ ደግሞ የሕዝብ ነው። ይህን ጥያቄ ስንጨቃጨቅበት፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ፣ መጋቢት 26 ቀን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅን አጸደቀ። ዛሬ ቁጥር 1321/2016 ብለን የምንጠራው ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፤ የሰው መረጃ የያዘ ተቋምም ጥሰት ሲደርስበት በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። እዚህ ያላችሁ መምህራን፣ ዩኒቨርሲቲም የሰው መረጃ ከሚይዙት አንዱ ነው። የተማሪ ፋይል ያለበት ላፕቶፕ ቢሰረቅ ሰዓቱን መቁጠር የሚጀምረው ማን ነው? የሬጅስትራሩ? የአይሲቲው? የሕግ ክፍሉ? ዛሬ ማታ እርስ በርስ ተጠያየቁበት።

ለመመረቂያ ጽሑፌ ወደዚህ ተመለስኩ። ሰኔ 2012 ኢንሳ ከግብፅ የተነሱ ቡድኖችን የጥቃት ሙከራ አከሸፍኩ ሲል አገር ሁሉ አውርቷል፤ ተገቢም ነበር። እኔን ግን ያሳሰበኝ ማንም የማያወራለት ነው። መሃል ከተማ ውስጥ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ ነጋዴዎችን አነጋገርኩ። ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡ አንዲት እናት የነገሩኝ እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ቅዳሜ ማታ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ስልክ ይደወላል። «እናቴ፣ ከባንክ ነው፣ ሒሳብዎ ሊዘጋ ስለሆነ የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ።» አነበቡለት። የሳምንት ሽያጫቸው ሄደ። ነገሩ የገባቸው አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ነው። የባንኩ ስልክ አይነሳም። ፖሊስ ጋ ሄዱ፣ ከባንክ ማስረጃ አምጪ አሏቸው። ሰኞ ባንክ ሄዱ፣ የፖሊስ ደብዳቤ አምጪ ተባሉ። ማክሰኞ ሲደርሱ ገንዘቡ በሌሎች ሰዎች ሒሳብ አልፎ በጥሬ ወጥቷል።

«ለምን ነገርሽው ይሉኛል እንጂ» አሉኝ፣ «ስነግራቸው ለምን እንዳልሰሙኝ የሚጠይቅልኝ የለም።»

የጥናቴ ጥያቄ ከዚህ ወጣ። አሥሩን ደቂቃ የሚያድን ሶፍትዌር ከባድ አይደለም፤ ዝውውርን ለጊዜው ማገድ ቴክኒኩ ቀላል ነው። የጎደለው፣ ቅዳሜ ማታ «አግድ» የማለት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። ይህን ስል የሕግ ጓደኛዬ ወዲያው አፋጠጠኝ፦ በአንድ ስልክ ጥሪ የማንንም ሒሳብ የሚያግድ ሰው ከፈጠርሽ፣ ነገ ያልተስማማውን ሰው ሒሳብ ቢያግድስ? ልክ ነው። ስለዚህ እገዳው በሰዓት መገደብ አለበት፣ ማን አዘዘ የሚለው መመዝገብ አለበት፣ ያለ ፍርድ ቤት መራዘም የለበትም፣ ያለ በቂ ምክንያት የታገደም መካስ አለበት። 24 ሰዓት ይሁን 48 እስካሁን አልተስማማንም። እኔ ሰኞን የሚደርስ ይሁን ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም እኚያ እናት ባንክ የተከፈተላቸው ሰኞ ነው።

በዚህ መስክ ሁለተኛ ዲግሪ ለመቀጠል የምታስቡ ወጣቶች ካላችሁ አንድ ነገር ልበል። ነጋሪት ጋዜጣን በአማርኛው ረድፍ አንብቡ። እኛ የኮምፒዩተር ሰዎች ቶሎ ብለን ወደ እንግሊዝኛው እንሮጣለን፤ ሁለቱ ሲለያዩ ግን የሚጸናው አማርኛው ነው። ስታቲስቲክስና የሕግ አተረጓጎም ያስቸግሯችኋል፣ አትሽሹ። ኮድ መጻፍም አታቁሙ፤ ፖሊሲ ተምረው ሎግ ማንበብ የተዉ ሰዎች ስብሰባ ላይ በቀላሉ ይሸወዳሉ።

ለመምህራኖቻችን ደግሞ ልመና አለኝ። የኢንፎርማቲክስና የሕግ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች በአንድ የመመረቂያ ሥራ አብረው እንዲመዘገቡ ፍቀዱ። ሁለት አማካሪ፣ አንድ ውጤት። ውጤት አሰጣጡ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፣ ሦስት ዲፓርትመንት ኃላፊዎች ነግረውኛል። ግን የመሃል ከተማው ሱቅ ውስጥ ያለው ችግር በዲፓርትመንት አልተከፈለም።

የቃለ መጠይቆቼን መመሪያ፣ ስም የተሰረዘባቸውን ማስታወሻዎችና የእገዳ ደንቡን ረቂቅ ይዤ መጥቻለሁ። ሁለት የሕግና ሁለት የኢንፎርማቲክስ ተማሪ ካገኘሁ በዚህ ክረምት ከነጋዴዎቹ ጋር ቁጭ ብለን ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ እናነብላቸዋለን። አበል የለውም፤ ቡናው በእኔ ነው። ስልኬ አዘጋጆቹ ጋ አለ።